ኩሬውን ይቆፍሩ፤ እንቁራሪት ግን አያምጡ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሱሉልታ ነው። ከግቢያችን ጀርባ ያለው ረግረግ ግማሹ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል፣ ቀሪውም እየደረቀ ነው። ክረምት ሲገባ ይሰማ የነበረው የእንቁራሪት ጩኸት ጠፍቷል። ኩሬ ቆፍረን ከገፈርሳ ጥቂት አምጥተን ብንለቅስ?

መልስ፦ መቆፈሩን ይግፉበት፤ ማምጣቱን ይተዉት። ኪትሪድ የሚባል የእንቁራሪት ቆዳ የሚያጠቃ ፈንገስ በአገራችንም ተገኝቷል። እንቁራሪት ውሃም ጨውም የምትመጥነው በቆዳዋ ስለሆነ፣ ቆዳዋ ሲታመም ልቧ እስከ መቆም ይደርሳል። ደህና የምትመስለዋም ተሸክማው ልትመጣ ትችላለች። በሌላ ረግረግ የዋለ ቦቲም ያው ነው። መጀመሪያ ጭቃውን በብሩሽ ያራግፉ፤ ካልተነሳ በረኪናው ጉልበቱን ጭቃው ላይ ይጨርሳል። 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ በአራት እጅ ውሃ በጥብጠው ቦቲውን ለ5 ደቂቃ ይንከሩ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቁ። እጣቢውን ወደ ኩሬው አይድፉ።

ቁፋሮው በበጋ ይሁን። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 6 ሜትር፣ ጥልቀቱ መሃሉ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ዳሩ ቀስ እያለ ይውረድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ በሲሚንቶ ይለስነዋል፣ ጭራዋን ጥላ የምትወጣው ትንሿ እንቁራሪት ደግሞ መውጫ አጥታ ትሞታለች። ሲሚንቶ አያስፈልግም፣ ዋልካ ይበቃል። ከአፈሩ ጭብጥ ወስደው አርጥበው እንደ እርሳስ ያድቦልቡት፣ ከዚያ ቀለበት ያድርጉት። ካልተሰነጠቀ ውሃ ይይዛል። ከተሰነጠቀ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ጨምረው ቆፍረው ዋልካ ያስመጡና እርጥብ ሳለ በስሱ እየደለደሉ ይርገጡት። በበጋ ደርቆ ቢሰነጣጠቅ አይደንግጡ፤ ዝናቡ ሲመለስ አብጦ ይገጥማል። መድረቁ እንዲያውም ይጠቅማል፣ ዓሣ አይከርምበትምና። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከገባ የእንቁራሪቶቹን ጫጩቶች ይለቅማቸዋል።

የቆርቆሮ ጣሪያ የመጀመሪያ ዝናብ ዚንክና አቧራ ይዞ ይወርዳል፤ እሱን ወደ ሌላ ያፍስሱ። የልብስ እጣቢና ፀረ አረም አይድረሱበት። በዙሪያው 5 ሜትር ያህል ሣር ሳይታጨድና ሳይታረስ ይተዉ። ሌፕቶፔሊስ ግራሚኔውስ የምትባለው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የሌለች እንቁራሪት አፈር ውስጥ ትቀበራለች፣ ማረሻ ደግሞ ያወጣታል። ባሕር ዛፉ ውሃውን ስለሚጠጣው ቢያንስ ለኩሬው የቀረበውን ረድፍ ያንሱ። በአቅራቢያው የተረፉ ካሉ ራሳቸው ይመጣሉ። አንድ ክረምት ካልመጡ ሁለተኛውን ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ፣ አጥራችን ላይ እስስት አለ። መርዛማ ነው? አጥሩንም መከርከም አለብን።

መልስ፦ መርዝ የለውም። ከመከርከምዎ በፊት በነበረው ማታ በባትሪ ይፈልጉት፤ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተኝቶ ነጣ ብሎ ይታያል። እሱ ያለበትን ቁጥቋጦ ይዝለሉ፣ አጥሩንም ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከወራት በኋላ ይከርክሙ።