የምርመራ ጋዜጠኝነት ሥልጠና ለጠየቅሽው እህቴ፦ መጀመሪያ ሊንክሽን ክፈቺው

"በክልል ሚዲያ 3 ዓመት ሠርቻለሁ። የምርመራ ዘገባ ሥልጠና የት ላመልክት? እንግሊዝኛዬስ ይበቃል?" ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ማመልከት የጀመርኩት በ3ኛ ዓመቴ ነው። ስለዚህ ጉዴን ልንገርሽ።

1. እንግሊዝኛሽ ይበቃል። የምትመረምሪውን ጉዳይ በ10 መስመር ማስረዳት ከቻልሽ ሌላው ትርፍ ነው።

2. የኦክስፎርዱን ሮይተርስ ኢንስቲትዩትና የሃርቫርዱን ኒማን የጋዜጠኞች ፌሎሺፖች ለጊዜው እለፊያቸው። ሁለቱም 5 ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ። የናይት ሴንተርን (የአሜሪካው ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ማዕከል ነው) የኦንላይን ኮርሶች ግን ዛሬውኑ ጀምሪ፤ ብዙዎቹ ነጻ ናቸው። ሰርተፍኬቱ በዶላር ይከፈልበታል፣ ተይው። ከዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል ራሱ የምርመራ ዘገባ ይወጣዋል። እኔን እስካሁን ሰርተፍኬት አሳይ ያለኝ የለም። ቢሾፍቱና አዳማ ሆቴል ተቀምጬ፣ አበል ተቀብዬ ያመጣኋቸው 7 ሰርተፍኬቶች መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል። ባነሩ ያምራል፣ ሻይ ቡናው አይጓደልም፣ የቡድን ፎቶውም አይቀርም። የዋና ኦዲተርን ሪፖርት እንዴት እንደማነብ ግን አንዱም አላስተማረኝም።

3. ዋናው ይሄ ነው። ሥራው ያንቺ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ከአሁኑ ሰብስቢ።

በ2015 የዓለም አቀፉ የምርመራ ጋዜጠኝነት ኔትወርክ ጉባኤ ላይ ለመካፈል አመለከትኩ። በየ2 ዓመቱ የሚካሄድ ነው፤ ያኔ ተራው የስዊድኗ ጎተንበርግ ነበር። እንደኛ ካለ አገር ለሚመጣ ጋዜጠኛ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ የሚሸፍን ድጋፍ አለው። የ3 ዘገባዎቼን ሊንክ ላክሁ። አንዱ ገንዘብ ተከፍሎባቸው ስላልተቆፈሩ የውሃ ጉድጓዶች የሠራሁት ነው። 4 ወር በእግሬ ዞሬ የቆጠርኳቸው ናቸው!

መልሱ "እናዝናለን" ሆነ። የዚያን ዕለት ማታ ሊንኮቹን ከፈትኳቸው። ሦስቱም ባዶ ነጭ ገጽ፣ "ገጹ አልተገኘም"። ጋዜጣችን ድረ ገጹን ሲቀይር የድሮውን ሁሉ ጠርጎ ጥሎታል። ለካ እኔ ከመላኬ በፊት አንዴም አልከፈትኳቸውም። የወደቅኩት በዚያ ይሁን በሌላ አላውቅም፤ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዘገባው የታተመበትን ጋዜጣ አወጣሁ። እሱም ጉድ ነው። ከርዕሱ ሥር "በጋዜጣው ሪፖርተር" ይላል። ስሜ የለም።

ለቀጣዩ ማመልከቻ "ዘገባውን የሠራው እሱ ነው" የሚል ደብዳቤ ልጠይቅ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሄድኩ። ሴትየዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ "ውጭ ሄደህ ልትጠፋ ነው አይደል?" አለችኝ። ከዚያ መዝገብ ቤት። ከዚያ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው"። በ9ኛው ቀን ዘበኛው "ዛሬም መጣህ?" ሲለኝ ደብዳቤው ደረሰ። ክብ ማህተም፣ ቲተር፣ የደመወዜ መጠን፣ የሚቆረጥብኝ የሥራ ግብር። ስለ ዘገባው አንዲት ቃል የለም።

ያዳነኝ ምክትል ዋና አዘጋጁ ነው። ከራሱ ኢሜይል ሁለት አንቀጽ ጻፈልኝ፤ ማህተም የለ፣ ፕሮቶኮል የለ። በ2017 ጥቅምት ጆሃንስበርግ፣ ዊትስ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ በሚያዘጋጀው የአፍሪካ የምርመራ ጋዜጠኞች ጉባኤ ላይ የተገኘሁት በዚያች ደብዳቤ ነው። ወጪዬንም ችለውኛል። እዚያ 2 ሰዓት ኤክሴል ላይ አፍጥጬ የውል ዝርዝርን ከክፍያ ዝርዝር ጋር ማመሳከር ተማርኩ። ሰባቱ ሰርተፍኬቶች ተደምረው ያን አይሰጡም።

እና አንቺ ዘገባሽ በወጣ ቀን ፒዲኤፍ አድርጊው። የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይም አስቀምጪው። የታተመ ከሆነ ገጹን ፎቶ አንሺው። ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው አያስበውም። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለመሥሪያ ቤቶች የምታስገቢውን የመረጃ ጥያቄ በስምሽ ጻፊ። ቅጂው ላይ "ገቢ" የሚል ማህተም አስመቺበት። በ30 ቀን መልስ መስጠት አለባቸው። ባይሰጡሽም፣ ማህተም ያለበት ወረቀት ጉዳዩን ስትከታተይ የነበርሽው አንቺ መሆንሽን ያሳያል። እኔ የውሃ ጉድጓዶቹን ጊዜ ሁሉንም በቃል ነበር የጠየቅሁት፣ ሞኝ።

4. በማመልከቻው ላይ ስምሽን ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ጻፊ፣ ፊደል በፊደል። የኔ በአንድ "ኤስ" ተለያይቶ ያመጣብኝን ጣጣ ሌላ ቀን እነግርሻለሁ።

ማመልከቻሽን ከመላክሽ በፊት በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። ሊንኮቹንም አንድ በአንድ እከፍታቸዋለሁ።