ከገና በፊት የነበረችው ቅዳሜ

የተወደዳችሁ ልጆቼ፤

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ከወንድሞቹ ጋር ገንዘብ አጠራቅሞ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚሞላበት ጣቢያ ሊከፍት እንደሆነ ካጫወተኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ የቻይናውን መሰኪያ ላስገባ ወይስ የአውሮፓውን? የትኛው ያሸንፋል?» ሲል ጠየቀኝ። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው የብዙዎች ጥያቄ መሆኑን አውቃለሁ፤ የሁለቱ መሰኪያ ቅርጽ የተለያየ ስለሆነ አንዱ ለሌላው አይገጥምም። እኔ ግን ወዲያው መልስ መስጠት አቃተኝ። «አስቤበት እደውልልሃለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት፤ ያሰብኩት ግን ስለ መኪና አልነበረም። ይኸው ጥያቄ፣ በይኸው ቋንቋ፣ በ2000 ዓ.ም. ከገና በፊት በነበረችው ቅዳሜ ቀርቦልኝ የመለስኩትን መልስ ነው ያስታወስኩት።

በዚያን ጊዜ በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ውስጥ የቴሌቪዥንና የፊልም ማጫወቻዎች ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። በገበያው ላይ ሁለት የማይታረቁ ዲስኮች ወጥተው ነበር፤ አንደኛው ብሉ-ሬይ፣ ሁለተኛው ኤችዲ ዲቪዲ ይባላል። እናንተ ዲስክ ሳትነኩ ስላደጋችሁ ነገሩን ትንሽ ላብራራ። የተለመደው ዲቪዲ የሚነበበው የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖሜትር በሆነ ቀይ ጨረር ሲሆን፣ በአንድ ንብርብር 4.7 ጊጋባይት ብቻ ይይዛል። ይህ ለአዲሶቹ ባለ ከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥኖች አልበቃ ሲል፣ ሁለቱም ወገኖች 405 ናኖሜትር ወደሆነው ሰማያዊ ጨረር ዞሩ፤ በዚህ አልተጣሉም። የተጣሉት መረጃው ከዲስኩ ገጽ ምን ያህል ይጥለቅ በሚለው ነው። ሶኒና ተባባሪዎቹ ወደ ገጹ አስጠግተው 0.1 ሚሊሜትር ላይ ስላኖሩት ብሉ-ሬይ በአንድ ንብርብር 25፣ በሁለት 50 ጊጋባይት ያዘ። ቶሺባ በበኩሉ እንደ ጥንቱ ዲቪዲ 0.6 ሚሊሜትር ላይ ስለተወው የእርሱ ኤችዲ ዲቪዲ 15 እና 30 ጊጋባይት ብቻ ይዞ ቀረ፤ በምትኩ ግን የዲቪዲ ፋብሪካዎች መሣሪያቸውን ብዙ ሳይቀይሩ ሊያትሙት ይችሉ ነበር። እንግዲህ ያ ሁሉ ጠብ የግማሽ ሚሊሜትር ጠብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 እነዚሁ ሁለት ወገኖች ዲቪዲን ለመውለድ ታርቀው እንደነበር ሳስታውስ፣ በ2005 ድጋሚ ተቀምጠው ሳይስማሙ መነሣታቸው እስካሁን ያናድደኛል።

እኔ የኤችዲ ዲቪዲ ሰው ነበርኩ። የቶሺባ ማጫወቻ በ1998 ዓ.ም. የፀደይ ወራት እዚህ አሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጣ 499 ዶላር ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ የወጣው የመጀመሪያው የሳምሰንግ ብሉ-ሬይ ማጫወቻ ደግሞ 999 ዶላር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻቸዋለሁ፤ ርካሹ የተሻለ ምስል ያሳይ ነበር። ያንኑ ቀን ለቤቴ ገዛሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከዕቃነት አልፎ የክብር ጉዳይ ሆነብኝ። ወጣት ባልደረቦቼ፣ «ፕሌይስቴሽን 3 ሁሉ በሆዱ ብሉ-ሬይ ይዞ ነው የሚሸጠው፤ ኤክስቦክስ ግን የኤችዲ ዲቪዲውን አንባቢ ለብቻ በ199 ዶላር ግዙልኝ ይላል፤ ጨዋታው ዲስኩን ይዞት ይሄዳል» ሲሉኝ፣ በመጫወቻ ላይ ፊልም የሚያይ ትልቅ ሰው የት አለ ብዬ እስቅባቸው ነበር። ልጆቹ ልክ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 የፊልም ኩባንያዎቹ ፓራማውንት እና ድሪምወርክስ አኒሜሽን ብሉ-ሬይን ትተው ወደ እኛ ሲዞሩ ለባልደረቦቼ ምሳ ጋበዝኩ። «ወደ እኛ» ማለቴን ልብ በሉ፤ ከቶሺባ አንዲት ሳንቲም የማይደርሰኝ ሰው ነበርኩ።

ማወቅስ ይገባኝ ነበር። በልጅነቴ አዲስ አበባ አጎቴ ምስሉ ይበልጣል ተብሎ ቤታማክስ የተባለውን የሶኒ ካሴት ማጫወቻ ገዝቶ፣ በሰፈራችን ባሉት ቪዲዮ ቤቶች የሚከራየው ካሴት ሁሉ ቪኤችኤስ ሆኖበት፣ ማጫወቻው የአክስቴን ዳንቴል ለብሶ የአበባ ማስቀመጫ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ሶኒ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1988 የተቀናቃኙን ቪኤችኤስ መሥራት ሲጀምር አጎቴን የጠየቀው የለም።

ዓርብ ታኅሣሥ 25 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2008፣ ዋርነር ብራዘርስ ከግንቦት መጨረሻ በኋላ ፊልሞቹን ከሁለቱ አዲስ ዲስኮች በብሉ-ሬይ ብቻ እንደሚያወጣ አስታወቀ። እስከዚያ ድረስ ዲዝኒ፣ ፎክስና ሶኒ በአንድ ወገን፣ ዩኒቨርሳልና ፓራማውንት በሌላው ወገን ሲቆሙ፣ ከትልልቆቹ ለሁለቱም የሚያትመው ዋርነር ብቻ ነበር፤ ሚዛኑን የያዘው እርሱ ነበር ማለት ነው። የኤችዲ ዲቪዲ ወገኖች በላስ ቬጋስ የኤሌክትሮኒክስ ዐውደ ርእይ ዋዜማ ሊሰጡት የነበረውን ጋዜጣዊ መግለጫ ሰረዙት። ወሬውን ማታ በመደብሩ የጀርባ ቢሮ ውስጥ አነበብኩና እንዳለቀለት ገባኝ። ተጠራጠርኩ ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን ገብቶኛል። በማግስቱ ጠዋት የመደብሩ አስተዳደር አንዲት ቃል ሳይናገር የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻዎቹን ካርቶን ከመጋዘን አስወጥቶ በመተላለፊያው ራስ ላይ፣ ሰው ሳያያቸው በማያልፍበት ቦታ አስደረደረ።

ያ ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ስለነበረ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ሰኞ ነው። ቅዳሜ አመሻሹ ላይ በቤተ ክርስቲያን በመልክ የማውቃቸው አንድ አባት ገቡ። ዋሽንግተን መሀል ከተማ በመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ የሌሊት ሠራተኛ ነበሩ፤ የሥራ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ከዚያ ወደ ፈረቃቸው ሊሄዱ ነው። «የሚሊኒየሙ ገና ነውና ለልጆቼ አንድ ነገር ልግዛ ብዬ ነው» አሉኝ። ልጃቸው ፕሌይስቴሽን እንደጠየቃቸው፣ 399 ዶላር መሆኑን ሰምተው እንደደነገጡ፣ ደግሞም ጨዋታ ከትምህርቱ እንዳያዘናጋው እንደፈሩ ነገሩኝ። ከዚያ ከተደረደሩት ካርቶኖች በአንዱ ላይ እጃቸውን አሳረፉና፣ «ልጄ፣ አንተ ብትሆን የትኛውን ትገዛ ነበር?» አሉኝ።

«እኔ ቤት ያለው ይኼው ነው» አልኳቸው። ቀጥዬም፣ «ጨዋታው እውነትም ያዘናጋል፤ ይኼ ግን ለቤተሰብ የሚሆን ዕቃ ነው፤ ዋጋውም ከዚያኛው ከግማሽ በታች ነው» አልኩ።

ልጆቼ፣ ከተናገርኩት ውስጥ ሐሰት ፈልጉ፤ አታገኙም። ቤቴ የነበረው ያው ነው፤ ጨዋታም ያዘናጋል፤ ዋጋውም እንዳልኩት ነው። እርሳቸው ግን የጠየቁኝ ስለ ምስሉ ጥራት አልነበረም፤ ዕቃው በሚቀጥለው ገና ፊልም ይወጣለት እንደሆነ ነበር የጠየቁኝ፣ በእርሳቸው አነጋገር። የዚያን ጥያቄ መልስ ካለፈው ምሽት ጀምሮ በኪሴ ይዤው ነበር። የዚያን ዕለት እውነተኛው ምክር፣ «አባቴ፣ ልጁ የጠየቀውን ይግዙለት፤ በርካሽ ከሚገኙት ብሉ-ሬይ ማጫወቻዎች ጥሩው እርሱ ነው» የሚል ነበር። ለምን አላልኩም? ኮሚሽን አልነበረኝም። አለቃዬም አላዘዘኝም። ከሃያ አራት ሰዓት በፊት የተሸነፍኩትን ሰው አንድ ተጨማሪ ድል ያጓጓው ይመስለኛል፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ሳፈላልግ ኖሬ አላገኘሁም።

ከፈሉ፤ ከጉርሻ የተጠራቀመ ባለ አንድና ባለ አምስት ዶላር ስለነበረ ለመቁጠር ጊዜ ወሰደብን። ማጫወቻውን የገዛ ሰው ቅጽ ሞልቶ በፖስታ ቢልክ አምስት ፊልሞች በነፃ የሚላክበት የማስታወቂያ ስጦታ ነበርና፣ ቅጹን እኔው ሞላሁላቸው። ስማቸውን፣ አድራሻቸውን፣ ስልካቸውን በጥንቃቄ ጻፍኩ፤ ካርቶኑንም እስከ መኪናቸው ተሸከምኩ። በዚያች ሰዓት ለራሴ ደግ ሰው መስዬ ነበር የታየሁት፤ ይህንን ነው ዛሬ ማስታወስ የማልወደው።

መደብሩ ዕቃ የሚመልሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ ነበር። የስልክ ቁጥራቸው በሞላሁት ቅጽ ቀሪ ላይ በእጄ አለ። አንዴ ብደውል፣ «አባቴ፣ ይመልሱት» ብል ይበቃ ነበር፤ «ነገ እደውላለሁ» እያልኩ ሠላሳው ቀን አለቀ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሆነ፤ ፌብሩዋሪ 11 ቀን በፖስታ ዲስክ ያከራይ የነበረው ኔትፍሊክስ ከሁለቱ አዲስ ዲስኮች ከእንግዲህ የሚገዛው ብሉ-ሬይን ብቻ መሆኑን ተናገረ፣ የኤሌክትሮኒክስ መደብሩ ቤስት ባይም ለደንበኞቹ ብሉ-ሬይን እንደሚመክር አስታወቀ፤ በ15ኛው ዋልማርት ተከተለ፤ ማክሰኞ የካቲት 11 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ፌብሩዋሪ 19፣ የቶሺባው ፕሬዚዳንት ኒሺዳ ቶኪዮ ላይ ቆመው ኩባንያቸው ኤችዲ ዲቪዲን እንደሚያቆም ተናገሩ። ዕቃውን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደገዛው ይገመት ነበር።

በፋሲካ ማግስት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተገናኘን። ሊሸሹኝ ይገባ ነበር፤ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አምስቱም ፊልሞች ደርሰውልናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉኝ። «አዲስ አይወጣለትም ይሉኛል ልጆቹ፤ ግን የድሮውን ዲቪዲ እንኳ ጥርት አድርጎ ነው የሚያሳየው።» እውነታቸውን ነው፤ እነዚያ ማጫወቻዎች ተራውን ዲቪዲ በማሳመር የሚስተካከላቸው አልነበረም። ስለ ልጃቸው ስጠይቃቸው፣ ጨዋታ ሲያምረው ጎረቤት ቤት እንደሚሄድ ነገሩኝ። ዓርብ ማታ ያነበብኩትን ግን አልነገርኳቸውም።

ከዚህ ታሪክ የተነሣ ለብዙ ዓመታት ለወጣቶች የምሰጠው ምክር፣ «ሁለት ሲጣሉ አትግቡ፤ አሸናፊው እስኪለይ ጠብቁ» የሚል ነበር። አሁን ሳስበው ይህ የፈሪ ምክር ነው። ብሉ-ሬይ እስኪያሸንፍ የጠበቁት ሰዎች ምን አገኙ? ኔትፍሊክስ ፊልምን በኢንተርኔት ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007፣ ጦርነቱ ሳያልቅ ነው፤ አሸናፊው የወረሰው እየጠበበ የሚሄድ ገበያ ነበር። እኔም ብሆን በሙያዬ የረባ ነገር የሠራሁት ወገን በያዝኩባቸው ዓመታት ነው፤ ዕቃውን እስከ ጥርሱ የተማርኩት ስለወደድኩት ነው። ዛሬም ብትጠይቁኝ የግማሽ ሚሊሜትሩን ክርክር ለቶሺባ እፈርዳለሁ። ቶሺባ ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የብሉ-ሬይ ማኅበር አባል ሆኖ ብሉ-ሬይ ማጫወቻ መሥራት ጀምሯል። ኩባንያ ካባውን ለመቀየር ዓመት ከመንፈቅ ይበቃዋል፤ በጉርሻ የገዛ ሰው ግን ሌላ ለመግዛት ስንት ሌሊት እንደሚቆም ማንም አያሰላለትም።

እናንተ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የማታውቁትን ሰው አስተያየት በስልካችሁ ሃያ ጊዜ ታያላችሁ፤ ሻጩን ግን ቀና ብላችሁ አታዩትም። ይህንን እንደ ነቀፋ አልቁጠሩብኝ፤ እንደ እኔ ያለ ሻጭ ከሆነ ባታዩት ይሻላል። ሆኖም የእኔ ትውልድ ሰው ሻጩን፣ በተለይ የሀገሩን ልጅ፣ አምኖ ይገዛ ስለነበር፣ መዋሸት ሳያስፈልገን መበደል እንችል ነበር።

ለወጣቱ ከሦስት ቀን በኋላ ደወልኩለት። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤልጂ ሁለቱንም ዲስክ የሚያጫውት ማሽን በ1,199 ዶላር አውጥቶ እንደነበር፣ ሁለቱን ለየብቻ መግዛት ብዙም ስለማይበልጥ ሰው እንዳልተሻማበት አጫወትኩት። ከዚያ ደግሞ የዚህን ተቃራኒ መከርኩት፤ ሁለቱም መሰኪያ ያለውን መሙያ አስገባ አልኩት። ፊልም የሚያይ ሰው ዲስኩ ቢያልቅበት ሌላ ነገር ያያል፤ ዛሬ የተገዛች መኪና ግን ማንም ያሸንፍ ማን ለዐሥር ዓመት ያህል በርህ ላይ መምጣቷ አይቀርም። የገንዘቡን ነገር አንሥቶ ትንሽ ተከራከረኝ። ገንዘቡ ካልበቃህ በሰፈርህ በብዛት የምታልፈውን መኪና ቆመህ ቁጠር፣ ባለ ታክሲ መጥቶ «የትኛዋን ልግዛ?» ሲልህም የቆጠርከውን ንገረው እንጂ በግቢህ የተከልከውን አታሳየው አልኩት።

ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት፣ «ጋሼ፣ ለእኚያ አባት በኋላ ነገሯቸው?» አለኝ። እርሳቸው ጡረታ ወጥተው ከልጃቸው ጋር ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር መሄዳቸውን ሰምቻለሁ። የቅጹ ቀሪ ምድር ቤት ባለው የእኔው ማጫወቻ ካርቶን ውስጥ ነው። ቁጥሩ በእጅ ጽሑፌ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ አንድ ጊዜም ደውዬበት አላውቅም።