ድንኳን ይዞ ጫካ ማደር

ጥያቄ፦ የሐዋሳ ልጆች ነን። አራት ሆነን ቅዳሜን ወንዶ ገነት ጫካ ውስጥ ልናድር አስበናል። ክፍያም ቧንቧም መጸዳጃም የሌለበት ቦታ ይበቃናል። ምን እናዘጋጅ?

መልስ፦ መጀመሪያ ፈቃድ። ክፍያ የለም ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፤ ከደኑ ከፊሉን የሚያስተዳድረው የደን ኮሌጁ ነው። ሳይመሽ ኮሌጁን ወይም ቀበሌውን ጠይቁ።

ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ውሃ አስቡ፤ ለአራታችሁ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። የምንጭ ውሃ ከቀዳችሁ በንጹሕ ነጠላ አጥልላችሁ አፍሉት። ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ በቂ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በድንኳኑ ቦታ ነው። ደረቅ የወንዝ መውረጃ ለጥ ያለና ምቹ ይመስላል፤ ተራራው ላይ ሌሊት ከዘነበ ግን እናንተ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ይደርሳል። ከፍ ያለ ቦታ ምረጡ። ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥርም አትትከሉ፤ ቅርንጫፉ ነፋስ ሳይኖር ጭምር ይገነጠላል። ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ሐይቁ ዳር ካደራችሁ፣ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ስለሚወጣ ከመንገዱ ራቁ።

የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ቶሎ ይቀጣጠላል፤ እሳቱ ዙሪያ 2 ሜትር ጥረጉ። ስትተኙ ውሃ አፍስሱበት፣ አማስሉት፣ በእጅ ጀርባ እስኪቀዘቅዝ ድገሙት። አፈር ማልበስ ብቻ ፍሙን ያቆየዋል።

ለመጸዳጃ ከውሃ 60 ሜትር ርቃችሁ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ። ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደር፤ ቀን ጦጣ፣ ሌሊት ጅብ ይጠራል።