ከረንቱ በየት ይመለሳል? ለጎንደር ወጣት ጠጋኞችና ተማሪዎች

ልጆቼ፣ ፒያሳና አራዳ ላይ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር የምትጠግኑ፣ ወይም ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ኤሌክትሪካል የምትማሩ፣ ይህ ደብዳቤ ለእናንተ ነው። ስለ ፓወር ሰፕላይ ረብሻ፣ ሬዲዮ ላይ ጩኸት ስለሚሆነው የባከነ ከረንት ማለቴ ነው፣ ስታማክሩኝ ጥያቄያችሁ ሁሌም አንድ ነው። «ጋሼ፣ ስንት ማይክሮፋራድ ልጨምርበት?» ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ በጥያቄ እመልሳለሁ። ከረንቱ በየት ወጥቶ በየት ነው የሚመለሰው? ይህን ሳታውቁ የገዛችሁት ካፓሲተር ገንዘብ መጣል ነው።

መጀመሪያ ረብሻው ከየት እንደሚመጣ እንይ። የድሮው ፓወር ሰፕላይ ከባድ የብረት ትራንስፎርመር ነበረው። በ50 ኸርዝ ይሠራል፣ እዝዝ ይላል፣ ሌላ ጣጣ አልነበረውም። የዛሬው ግን 220 ቮልቱን አቅንቶ ወደ 310 ቮልት ዲሲ ያደርገዋል። ከዚያ አንድ ሞስፌት፣ በጣም ፈጣን የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያ፣ በሰከንድ 65 ሺህ ጊዜ፣ 100 ሺህ ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆራርጠዋል። በዚህ የተነሳ ቻርጀር በመዳፍ የሚያዝ ሆነ። ዋጋውም ረከሰ። ክፍያው ረብሻ ነው።

በ100 ኪሎኸርዝ የሚቆራርጥ ሰርኪዩት እዚያው 100 ላይ ብቻ አይጮህም። 200 ላይ፣ 300 ላይ፣ 600፣ 700፣ 800 ላይም ይጮሃል። መካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ደግሞ ከ530 እስከ 1600 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው። ሬዲዮውን ስታዞሩ በየተወሰነ ርቀት ያ ጩኸት የሚመላለስባችሁ ለዚህ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። የሬዲዮ ረብሻን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ፣ ሲስፐር የሚባለው፣ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ዛሬም ደህና አምራች ዕቃውን ገበያ ከማውጣቱ በፊት በመብራት ገመዱ በኩል የሚወጣውን ረብሻ ከ150 ኪሎኸርዝ እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያስለካል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ረብሻ በሁለት መንገድ ይወጣል። አንዱ በፌዝ ወጥቶ በኒውትራል የሚመለሰው ነው። ይሄኛው ቀላል ነው። በሁለቱ መካከል ኤክስ ካፓሲተር፣ ለዚሁ ቦታ ተብሎ የተሠራውን፣ አስቀምጡለት፣ እዚያው ዞሮ ይመለሳል። ሌላው ግን በፌዝም በኒውትራልም አንድ ላይ ይወጣና በመሬት፣ በቆርቆሮው ሳጥን ወይም በአየሩ በኩል ይመለሳል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም መንገዱ በስዕሉ ላይ አይታይም።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ሞስፌቱ ሂትሲንክ ላይ፣ ሙቀቱን በሚያወጣለት ብረት ላይ፣ በስስ ማገጃ ተጣብቋል። ብረት፣ ማገጃ፣ ብረት። ማንም ሳይሠራው ካፓሲተር ሆነ ማለት ነው። 50 ፒኮፋራድ ነው እንበል። ቮልቴጁ በ50 ናኖሰከንድ 300 ቮልት ቢዘል፣ በዚያ ማገጃ በኩል 0.3 አምፒር ይሾልካል። 0.3 አምፒር ቀልድ አይደለም! ሂትሲንኩ ከኧርዝ ጋር ከተገናኘ ይህ ከረንት በግድግዳችሁ ዞሮ፣ በጎረቤት ገመድ አድርጎ ነው ወደ ሞስፌቱ የሚመለሰው። ሂትሲንኩን በአጭር ሽቦ ከዋናው ካፓሲተር ኔጌቲቭ ጋር ብታገናኙት ግን እዚያው ቦርዱ ላይ ይመለሳል። አንድ ሽቦ ብቻ ነው። ይህን ስታደርጉ ግን ሂትሲንኩ በእጅ የማይነካ መሆን አለበት። ያ ኔጌቲቭ ከመብራቱ አልተለየም፣ ይገድላል።

በከተራ ዕለት ታቦታቱን አጅቦ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ የሚወርደውን ሕዝብ አይታችኋል። ዋናውን መንገድ ብትዘጉት አይቀርም፤ በየጓሮው፣ በየቅያሱ ይወርዳል። ከረንትም እንደዚያ ነው። መዝጋት ብቻውን አይበቃም፣ ቅርብ መንገድ ክፈቱለት። ባለ ሁለት ጥቅል የፌራይት ኮይል ይዘጋል፣ ዋይ ካፓሲተር፣ ከመብራቱ መስመር ወደ ኧርዝ ወይም ወደ መውጫው በኩል የሚሻገረው፣ ደግሞ ይከፍታል። አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ሥራ ነው።

ስለ ዋይ ካፓሲተር ካነሳን አይቀር አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ደንበኛ ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል። «ብረቱን ስነካው ይነዝረኛል» ይላል። ልጁ ቻርጀሩን ይከፍትና ከፕራይመሪ (ከመብራቱ ጋር ከተገናኘው ወገን) ወደ ሴኮንደሪ (ወደ መውጫው ወገን) የሚሻገረውን ሰማያዊ ካፓሲተር ቆርጦ ይጥላል። መንዘሩ ቆመ። ደንበኛው ከፍሎ ሄደ። ሁሉም ደስ አለው። ግን ያ ካፓሲተር በትራንስፎርመሩ ሾልኮ ወደ ሴኮንደሪ የሚያልፈውን ረብሻ መመለሻ ነበር። አሁን መመለሻ ስላጣ በመውጫው ገመድ ይወጣል። ገመዱም አንቴና ሆነ። ስልክ ቻርጅ ላይ ሲሆን ስክሪኑ ማንም ሳይነካው የሚዘለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ቻርጀር ነው።

መንዘሩንም አስሉት። 2.2 ናኖፋራድ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ ቢበዛ 0.15 ሚሊ አምፒር ያሳልፋል። ደስ አይልም እንጂ አይገድልም። መድኃኒቱ ባለ ሦስት እግር መሰኪያና እውነተኛ ኧርዝ ነው። በብዙ ቤቶች ሶኬቱ የኧርዝ ብረት አለው፣ ከጀርባው ግን ሽቦ የለም። ሶኬቱን ፈትታችሁ እዩ። ካልኖረ ለደንበኛው እውነቱን ንገሩት።

ካፓሲተሩ ሞቶ ከሆነ ደግሞ በራሱ ዓይነት ቀይሩት። ዋይ የሚል ምልክት በሌለው ተራ ሴራሚክ አትቀይሩ። ዋይ ካፓሲተር ሲበላሽ ሾርት እንዳያደርግ ተብሎ ነው የሚሠራው። ተራው ሾርት ቢያደርግ የመብራቱ ቮልቴጅ በቀጥታ ሰውየው እጅ ላይ ይደርሳል። በኤክስ ቦታ ተራ ካፓሲተር ማስገባትም ያው ነው፤ እሱ ከሰው ይልቅ ቤት ያቃጥላል። መብራት ሲጠፋ በርካሽ ኢንቨርተር የምትሠሩ ደግሞ ይህን እወቁ። ደረጃ ደረጃ በሆነ ሞገድ ላይ ኤክስ ካፓሲተር ከልኩ በላይ ከረንት ይስባል፣ ይሞቃልም።

ርካሽ የኤልኢዲ መብራት ፓወር ሰፕላይ ካገኛችሁ ክፈቱት። መግቢያው ጋ ቦርዱ ላይ በነጭ ቀለም የኮይል ክብ ተሥሏል። ከጎኑ የኤክስ ካፓሲተር አራት ማዕዘን አለ። ካፓሲተሩ ግን የለም፣ ሁለቱ ቀዳዳዎች ባዶ ናቸው። ኮይሉ በሚቀመጥበት ሁለት አጫጭር ሽቦ ተበይዶበታል። ዲዛይን ያደረገው ሰው ያውቅ ነበር ማለት ነው። በኋላ አንዱ ወጪ ለመቀነስ ብሎ አስቀረው። ይህ ለእናንተ ግን ዕድል ነው። ከተጣለ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ኮይሉንና ኤክሱን አውጡና ቦታቸው ላይ በይዱ። የኮይሉ ሽቦ ከረንቱን መቻሉን እዩ። ቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ ትልቁን ካፓሲተር በሬዚስተር አራግፉት፣ በቴስተርም አረጋግጡ። 310 ቮልት ዲሲ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተ የራሳችሁን ሰርኪዩት ስትሠሩ ፊልተር ላይ ከመድረሳችሁ በፊት የሽቦውን ርዝመት ቀንሱ። አንድ ሴንቲሜትር ሽቦ ወደ 10 ናኖሄንሪ ነው። ከረንቱ በ20 ናኖሰከንድ ውስጥ በ2 አምፒር ቢለወጥ በእያንዳንዱ ሴንቲሜትር ላይ 1 ቮልት ይበቅላል። ብሬድቦርድ ላይ በተንዘላዘለ ሽቦ የተሠራ ኮንቨርተር ለምን እንደሚያብድ አሁን ገባችሁ? የመግቢያውን ካፓሲተር፣ ሞስፌቱንና ዳዮዱን አቀራርቡ። ሦስቱ የሚሠሩት ቀለበት ባነሰ ቁጥር ረብሻው ያንሳል። ይህ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

የተገዛ ባለ ቆርቆሮ ፊልተር የምትገጥሙ ከሆነ ቀለሙን ፍቃችሁ ብረት በብረት አሳርፉት። በረጅም አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ የታሰረ ፊልተር ለሰው ደህንነት ይሆናል፣ ለሜጋኸርዝ ረብሻ ግን እንደሌለ ቁጠሩት። የመግቢያና የመውጫ ሽቦውንም አንድ ላይ አትጠቅልሉ። ለዓይን ያምራል፣ ግን ረብሻው ፊልተሩን ዘሎ ያልፋል። አሮጌ ዕቃ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የደረቀውን ኤሌክትሮላይቲክ ቀይሩ። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል።

መለኪያ የለንም አትበሉኝ። በባትሪ የሚሠራ ኤኤም ሬዲዮ ይበቃል። ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አድርጉትና ወደ ገመዱ፣ ከዚያ ወደ ሳጥኑ አስጠጉት። የት ላይ እንደሚጮህ ስሙ። ኮይሉን ከገጠማችሁ በኋላ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ርቀት ድገሙት። ሰፈሩ በሙሉ መብራት ሲጠፋም ሬዲዮውን ክፈቱ። ያኔ የምትሰሙት የአየሩ የራሱ ድምፅ ነው። መብራት መጥፋት ለዚህ እንኳ ይጠቅማል። ኦሲሎስኮፕ ያላችሁ ግን የግራውንድ ክሊፑን ፕራይመሪ ላይ እንዳትነክሱት። አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ከሌለ ስኮፑም ቦርዱም ይቃጠላሉ። ከሁሉም በላይ እጃችሁ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ የጎንደር ጉዳይ ነው። አንዳንድ የቻይና ቻርጀሮች ላይ 2000 ሜትር የሚል የተራራ ምልክት አለ። ከዚያ ከፍታ በታች ብቻ ተጠቀሙበት ማለት ነው። ከተማችን ከ2100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ቮልቴጅ በቀላሉ ይዘላል። ደንቡ ለ3000 ሜትር በአየር ላይ ያለውን ርቀት በ1.14 እንድናበዛው ይጠይቃል። ስለዚህ ዋይ ካፓሲተር ስትቀይሩ ወይም ኮይል ስትጨምሩ በፕራይመሪና በሴኮንደሪ መካከል የነበረውን ርቀት አታጥብቡ። እግሮቹን እንደነበሩት አራርቃችሁ በይዱ። ከሥሩ ቦርዱ የተሰነጠቀው ሆን ተብሎ ነውና ሊድ አታንጠባጥቡበት። የብየዳውን ቆሻሻም በአልኮል ጠርጉት።