ሲቪህ ላይ ኮምቦልቻን አትደብቃት

ባለፈው ክረምት ደሴ ሄጄ ነበር። ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ከፊቴ ወረፋ የያዘ ልጅ ሲቪ እያሠራ ነው። ጸሐፊዋ አዲስ ገጽ አልከፈተችም። የሌላ ደንበኛ ሲቪ አውጥታ ስሙን አጠፋችና የልጁን ስም ጻፈችበት። ሃይማኖት፣ ቁመት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሁሉም እንዳለ ቀረ። የቋንቋ ሰንጠረዡም እንዳለ ነው፤ መስማት፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ለሁሉም «ኤክሰለንት»። ልጁ ገና ሚስት የለውም፤ ወረቀቱ ላይ ግን ያገባ፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ወጣ። ሦስታችንም ሳቅን።

ወደምኖርበት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ስመለስ ግን ሳቁ ቀረ። ውጭ አገር ሥራ የሚፈልጉ የኛ ልጆች በቴሌግራም የሚልኩልኝ ሲቪ ያው ነዋ! «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፣ ስልሳ ቦታ አመልክቼ አንድም የጠራኝ የለም» ይሉኛል። ሁሌ አንድ ዓይነት መልስ መስጠት ስለሰለቸኝ እዚህ ልጻፈው።

1. ቅርጹ

ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ጋብቻ ይውጣ። አሜሪካም፣ ካናዳም፣ እንግሊዝም አይፈልጉትም። ጀርመን ፎቶ የሚለጥፍ አሁንም ብዙ ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም። አንድ ገጽ ይበቃል፣ ቢበዛ ሁለት። የቅርቡ ሥራ ከላይ ይሁን። ሰንጠረዥ ተው፤ ትልልቅ ድርጅቶች ጋ መጀመሪያ የሚያነብህ ብዙ ጊዜ ሶፍትዌር ነው፣ ሰንጠረዥ ያምታታዋል። ከታች «እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» የምትለዋንም አውጣት።

2. ዘመኑና ስሙ

የሥራ ልምድ ደብዳቤህ 1999 ይላል፣ ሲቪህ 2007። አንተና እኔ እንግባባለን። ቀጣሪው ግን ወረቀቱ ፎርጅድ ነው ብሎ ያልፍሃል። ሁሉንም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7 ትደምራለህ፣ ከዚያ ወዲህ 8። «10+3» ብለህም አትጻፍ፣ የሒሳብ ጥያቄ ይመስላቸዋል። ከ10ኛ ክፍል በኋላ 3 ዓመት ቴክኒክና ሙያ መማርህን በቃላት አስረዳ። ዲግሪ ካለህ የሀገር ቤት ዲግሪ እዚህ ከምን ጋር እንደሚስተካከል በሚገመግመው ወርልድ ኤዱኬሽን ሰርቪስስ በሚባል ድርጅት ወይም በመሰሉ አስገምግመው። ስምህ በየወረቀቱ ልክ እንደ ፓስፖርትህ ይጻፍ። ሙሐመድ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ የደሴ ልጅ ያውቀዋል።

3. ሀገር ቤት የሠራኸው

የምቆጣው እዚህ ላይ ነው።

የአንዱ ሲቪ ላይ የሥራ ልምድ የሚለውን ስመለከት ያለው የመጋዘን ሥራ፣ ሰባት ወር። በቃ። ሰውየው 34 ዓመቱ ነው! «ከዚያ በፊትስ?» ስለው «እሱማ ሀገር ቤት ነው ጋሼ፣ እዚህ አይቆጠርም» ይለኛል። ማን አለህ? «ልጆቹ።» የትኞቹ ልጆች? አብረውት ዕቃ የሚያወርዱት። እነሱም ሲመጡ ሌሎች ነግረዋቸው ነው።

እኔንም ነግረውኛል፤ አምኜም 11 ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ 9 ዓመት የሽመና ማሽን ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ወር ሲፈጅ እኛው ቶርኖ ቤት ሮጠን፣ ብረቱን አስቀርጸን፣ ማሽኑን ሳይነጋ እናስነሳው ነበር። ይህ ሁሉ ሲቪዬ ላይ መጀመሪያ «ሜካኒክ» የምትል አንዲት ቃል ሆነ። ኋላ እሷንም አጠፋኋት። አፈርኩባት መሰለኝ።

አንድ ሌሊት የፓርኪንጉ መግቢያ ላይ መኪና የሚያስቆመው ብረት አልነሳ አለ። ሞተሩን ከፍቼ ሠራሁት። የሕንጻው ጥገና ኃላፊ ጠዋት መጥቶ አየው።

«የት ተማርከው?»

«ኮምቦልቻ።»

«ታዲያ ማመልከቻህ ላይ ለምን የለም?»

ምን ልበለው?

ጥገና ክፍል ላስገባህ አለኝ፣ ማስረጃ አምጣ ተባልኩ። ማስረጃ ከየት ይምጣ? ከፋብሪካው የወጣሁት የዓመት ፈቃድ ወጥቼ እንደ ቀረሁ ነው። ክሊራንስ የለ፣ ደብዳቤ የለ። መስከረም 2014 የአክስቴን ልጅ ላክሁት፣ «ፋይልህ አለ፣ ቀጠሮ ሰጥተውኛል» አለኝ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ኅዳር መጨረሻ ሲረጋጋ ልጁ ተመልሶ ሄደ። መሳቢያው ተሰብሯል፣ ወረቀቱ ወለል ላይ ተረጋግጧል፣ የእኔ ፋይል የለም። የሰው ሕይወት ባለፈበት ጊዜ ስለ ወረቀት ማልቀስ ነውር ነውና ዝም አልኩ። ሥራውን አገኘሁት፤ ግን እንደ ጀማሪ፣ በ22 ዓመት ልጅ ደመወዝ።

ስለዚህ ጻፈው። «ሜካኒክ ነበርኩ» ብለህ አይደለም። ስንት ማሽን? ሥርህ ስንት ሰው? ምን ተበላሽቶ ምን አደረግህ? የእኔ አሁን እንዲህ ይላል፦ «በሁለት ፈረቃ 38 የሽመና ማሽኖች የሚጠግን የ4 ሰው ቡድን መርቻለሁ።» ጉራ አይደለም፣ የሆነ ነገር ነው። ያልሆነውንማ እንዳትጨምር፤ ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ጥያቄ ታዋርድሃለች። የኛ ሰው ይሉኝታ ይዞት «ሠርተናል፣ አስተካክለናል» ብሎ ይጽፋል። ወንድሜ፣ ቀጣሪው አንተን እንጂ ሁላችሁንም አይቀጥርም!

እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ትብሻለሽ። ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርተሽ ሲቪሽ ላይ ስድስቱም ዓመት ባዶ ነው። አንዷን ስጠይቃት «የሰው ቤት ሠራሁ ብዬ ልጻፍ እንዴ?» አለችኝ። አዎ፣ ጻፊ! አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት አገላብጠሽ አጥበሻል፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ሰጥተሻል፣ ሕፃን አሳድገሻል፣ ለ12 ሰው አብስለሻል። እዚህ አገር ይህንኑ ኮርስ ወስደው ሰርተፊኬት ይቀበሉበታል። ይባስ ብሎ አረብኛ እንደ ውሃ ትናገሪያለሽ፤ ቋንቋ የሚለው ላይ ግን አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ። ሆስፒታልና የአረጋውያን መጦሪያ አረብኛ የሚችል ሰው ይፈልጋል። ልጅቷ አብሽር ብላኝ አስገባችው፣ በሦስተኛው ሳምንት ጠሯት። እኔ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ስንቷ ናት እንዲህ ደብቃ የቀረችው?

4. ሪፈረንስ

ቀጣሪው ስለ አንተ የሚጠይቀው ሰው አለቃህ የነበረ ይሁን እንጂ አጎትህ አይሁን። አስቀድመህም ንገረው።

5. የሥራ ልምድ ደብዳቤው

የቀድሞ መሥሪያ ቤትህ አሁንም ካለ፣ ዛሬውኑ ለቤተሰብ ደውልና ውክልና ላክ። ደብዳቤው የድርጅቱ አርማ ይኑረው፤ የሥራ መደብህ፣ የገባህበትና የወጣህበት ቀን፣ ስልክና ኢሜይል ይጻፍበት፣ በእንግሊዝኛ ይሁን። ወንድምህ ደሴ ከሆነ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። የትራንስፖርቱን አንተ ላክለት። ማኅተሙ ከደበዘዘም ዝም ብሎ እንዳይቀበል፤ እዚያው ቆሞ ድጋሚ ያስመታው።