ረከስ ያለ የውሻ ምግብ ይጎዳዋል?

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ውሻ አለኝ። ከውጭ የሚገባው ደረቅ ምግብ ዋጋው አይቀመስም። ረከስ ያለውን ብገዛለት ይጎዳዋል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ርካሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ፊት ለፊት ያለውን የሥጋ ሥዕል ተወውና ከረጢቱን ገልብጠው። ለአዋቂ ውሻ የተሟላ ምግብ መሆኑ ካልተጻፈበት እለፈው፤ ፕሮቲኑም ከ18 በመቶ አይነስ። «የዶሮ ዱቄት» የሚል ብታይ አትደንግጥ፣ ውኃው የወጣለት ዶሮ ማለት ነው። ዋጋውን ግን በኪሎ ብቻ አታወዳድር። ውሻህ በቀን ስንት ግራም እንደሚበላ ሰንጠረዡ ላይ አለ፣ በዚያ አስላው፤ ርካሹ ብዙ የሚያስበላ ከሆነ ምኑን ተረፈህ? ከተከፈተ ከረጢት በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጠውንማ እኔ አልገዛም፣ ስቡ ቶሎ ይበላሻል። አዲሱን ከድሮው ጋር እየቀላቀልክ በሳምንት ውስጥ አልምደው። ለማብቃቃት ብለህ ደግሞ የወጥ ትራፊ እንዳትጨምርበት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።