ዓይነ ስውሩ ልጅ ለምን ዳር ይቀመጣል? የስፖርት ክፍለ ጊዜ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ሳምንት የመጡት ጥያቄዎች አሜሪካ ትምህርት ቤት ከምትሠሩና ልጅ ከምታስተምሩ ሰዎች ናቸው፤ የሚያነሱትም ከላቲን አሜሪካ ስለመጡ (ላቲኖ) ዓይነ ስውርና በደንብ የማያዩ ተማሪዎች ነው። ልጆቻችን ከላቲኖ ልጆች ጋር አንድ ጂም ውስጥ ስለሚሮጡ ነገሩ እኛንም ይነካል።

«ሜሪላንድ ውስጥ የክፍል ረዳት ነኝ። በቅርቡ ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ዓይነ ስውር ተማሪ አለን፣ እንግሊዝኛ ገና ነው። ስፖርት ሲሆን ወንበር ላይ ይቀመጣል። ምን ላድርግ?»

ጥያቄህ አንጀቴን በላው። መጀመሪያ ከወንበሩ ይነሳ። የስፖርት አስተማሪ «እንዲህ አድርጉ» ብሎ ይዘላል፤ ቋንቋው ያልገባው ልጅ አይቶ ይከተላል፣ የማያየው ደግሞ ሰምቶ ይከተላል፣ ያንተ ተማሪ ግን ሁለቱም መንገድ ተዘግቶበት ዝም ሲል ሰው «አልፈለገም» ይላል። ማን ነገረውና!

የሚቀረው እጅ ነው። አስፈቅደው፣ ከዚያ ክንዱን ይዘህ እንቅስቃሴውን አሳየው፣ ወይም እሱ ያንተን ትከሻ እየዳሰሰ ይከተል። ሳያውቅ ግን በድንገት አትንካው። ጥቂት የስፓኒሽ ቃላት ያዝ፦ ዴሬቻ ቀኝ፣ ኢስኪዬርዳ ግራ፣ ፓራ ቁም። «እዚያ ጋ» ማለት ለሱ ምንም ማለት አይደለም፤ «ሦስት እርምጃ ወደ ቀኝ» በለው። ጂሙ ባዶ በሆነ ሰዓት አስገባውና ግድግዳውን፣ በሩን፣ ምሰሶውን እየነካ ይወቀው። ስፓኒሽ የሚችል የክፍል ጓደኛም አብሮት ይሥራ፣ ግን ያ ልጅ ራሱ እንዴት እንደሚመራ መጀመሪያ ይማር።

«የሆንዱራስ ጎረቤቴ ልጅ በደንብ አታይም። ትምህርት ቤት ለስብሰባ ሲጠራ የምታስተረጉመው ታላቅ እህቷ ናት። ልክ ነው?»

አይደለም። ለአይኢፒ (ለልጁ በግል የሚዘጋጅ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ) ስብሰባ ለወላጅ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፣ በነጻ። አማርኛ ለሚናገር ወላጅም እንደዚያው። ልጅ ስለ እህቷ ዓይን እየተረጎመች መቀመጥ የለባትም።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የአሜሪካ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ የሰውነት ማጎልመሻን በስሙ ጠርቶታል። ሒሳብ ላይ ድጋፍ ሰጥቶ ስፖርት ላይ ዳር ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ጎረቤትሽ «አይኢፒው ላይ ስፖርት የቱ ጋ ነው?» ብላ ትጠይቅ። በነጭ በትር መንቀሳቀስ የሚያስተምረው ባለሙያም ስብሰባው ላይ እንዲገኝ ትጠይቅ። የተስማሙበት ሁሉ ወረቀት ላይ ይስፈር።

«የዓይነ ስውር ተማሪዬ እናት ራሷ ‘ይወድቅብኛል’ ብላ ስፖርት ከለከለችው።»

እናት ናት፣ አትፍረዱባት። አንዳንድ የዓይን ሕመም ላይ፣ ለምሳሌ ሬቲና (በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) የመላቀቅ አደጋ ካለ፣ ጭንቅላት መመታት በእርግጥ ያሰጋል። የዓይን ሐኪሙ የተከለከለውን ለይቶ ይጻፍ፤ ሌላው ይፈቀድ። ከዚያ እናትየውን አንድ ቀን ጂም ጋብዟት፣ ገመድ ይዞ ሲሮጥ ትየው። የእኛዋ ዓይነ ስውር ሯጭ ያየሽ ጌቴ በፓሪስ 2024 ፓራሊምፒክ (የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ) በ1500 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ከመሪ ሯጭ ጋር በገመድ ተያይዛ ነው።

በዓይነ ስውራን እግር ኳስ ደግሞ ብራዚል እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አምስት ፓራሊምፒክ በተከታታይ ወርቅ ወስዳለች። በዚህ ጨዋታ ኳስ ለመንጠቅ የሚሄድ ተጫዋች እንዳይጋጩ «ቮይ!» ብሎ መጮህ አለበት፣ በስፓኒሽ «መጣሁ» እንደማለት። ጃፓናዊውም ፈረንሳዊውም ይላታል። ክፍል ውስጥ ቋንቋው ሸክም የሆነበት ልጅ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አስቡት! ለልጁም ለእናቱም ንገሯቸው።

«ለዓይነ ስውር ልጅ የሚሆን ድምፅ ያለው ኳስ የለንም።»

ተራውን ኳስ በፌስታል ጠቅልሉት፣ ሲንከባለል ይንኮሻኮሻል። ወለሉ ላይ ቀጭን ገመድ ዘርግታችሁ ከላዩ ፕላስተር ለጥፉበት፤ መስመሩ በእግርና በእጅ ይታወቃል። ጎልቦል የሚባለው የዓይነ ስውራን የኳስ ጨዋታም መስመሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሦስት ለሦስት ነው፣ የሚያየውም የማያየውም ሁሉም ዓይኑን ሸፍኖ ይገባል። የክፍሉን ልጆች በሙሉ አጫውቷቸው። ጨዋታው ሲጀመር ጂሙን ጸጥ አሰኙት፣ ኳሷ ትሰማ።